የማይገዛ ገንዘብና የገዢው ኅሊና

ገንዘብ ሁሉን ይገዛል ይባላል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌም የገንዘብን ብርታት ለመግለጥ የተነገረ ነው። ዳሩ ግን ምንም ሊገዛ የማይችል ገንዘብ በዓለም ላይ መልቶ ይገኛል። ያወጡት መንግሥታት ያለፉ፥ መልካቸው የተቀረጸባቸው ነገሥታት የሞቱ፥ ገበያ ይዘውት ቢወጡ አንዲት ራስ ሽንኩርት እንኳ የማያስገኝ የብረት ገንዘብ ቍጥር ስፍር የለውም። ይህን የማይገዛ ገንዘብ በሚገዛ ገንዘብ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ አሉ። ሥራቸው ፍሬ የሌለው የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ከዚህ ከትንሽ ልማድ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛው፥ የአንድ ነገር የገበያ ዋጋና የነገሩ ክብር አንድ ናቸውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር ሲገበያይ እውነቱን የመናገር ዕዳ አለበትን? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በርካሽ የውጭ አገር አሮጌ ሳንቲም ምሳሌነት ሁለቱን ጥያቄዎች መመርመር ነው።

አስቀድሞ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል የገንዘብን ነገር ሲመረምር፥ በቋንቋው ገንዘብ «ኖሚስማ» የተባለው «ኖሞስ» ከሚለው ቃል መሆኑን ያመለክታል። «ኖሞስ» ሕግ ወይም ልማድ ማለት ነው። እንደ እርሱ ሐሳብ ገንዘብ ገንዘብ የሆነው በተፈጥሮው ሳይሆን በሰዎች ስምምነት ነውና ሰዎች ሲፈቅዱ ሊለውጡት፥ ጥቅም የሌለውም ሊያደርጉት ይችላሉ። ይህ አባባል እውነት መሆኑን የእንግሊዝ አገር የነሐስ ፔኒ ያስረዳል። እንግሊዞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ 12 ፔኒ ለአንድ ሽልንግ፥ 20 ሽልንግ ለአንድ ፓውንድ እያሉ ሲቈጥሩ ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድን ፓውንድ በመቶ ከፍለው መቍጠር ጀመሩ። በዚሁ ዓመት ከኦገስት 31 ቀን በኋላ አሮጌው ፔኒ ከገበያ ተሻረ። በዋዜማው ዕቃ ይገዛ የነበረው ነሐስ በማግሥቱ ምንም አልገዛም። ነሐሱ አልቀለለም፤ የንግሥቲቱም መልክ አልጠፋም። የተለወጠው የሰዎች ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ ስምምነቱ ከሳንቲሙ ላይ ሲነሣ ምን ይቀራል? ሁለት ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ማዕድኑና ምስክርነቱ ነው። ማዕድኑ በሚዛን ይታወቃል። ምስክርነቱ ግን የሚታወቀው በንባብና በማስተዋል ነው። ሳንቲም በሁለት ጣት የሚያዝ መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዘውዱ ወገን ማን ይገዛ እንደ ነበረ፥ በጎፈሩ ወገን ሕዝቡ ወይም ገዢው በምን ይመካ እንደ ነበረ፥ በዓመተ ምሕረቱ መቼ እንደ ተመታ፥ በማተሚያ ቤቱ ምልክት የት እንደ ተሠራ ይናገራል። መፋቁ እንኳ ምስክር ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በ1860ዎቹ የተመታ ፔኒ ከመቶ ዓመት በኋላም በእንግሊዝ ገበያ ሲዘዋወር ይታይ ነበር። መልኩ ጠፍቶ ለስልሶ የተገኘ እንደ ሆነ ያለሰለሰው በመቶ ዓመት ውስጥ ያለፈበት የሠራተኛውና የነጋዴው፥ የእናቱና የሕፃኑ ጣት ነው።

የምስክርነት ክብርና የገበያ ዋጋ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት የምሥራቅ አፍሪካን የ1936 እ.ኤ.አ. አሥር ሳንቲም መመልከት ይበቃል። በዚያ ዓመት ኤድዋርድ ስምንተኛ በጃኑዋሪ 20 ቀን የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ፥ ሊያገባት የወደዳትን ሴት ላለመተው ሲል በዲሴምበር 11 ቀን ዘውዱን ለቀቀ። የነገሠውም ዓመት ሳይሞላ ነው። መልኩ የተቀረጸበት የእንግሊዝ ሳንቲም ለሕዝብ ሳይወጣ ቀረ፤ ለሙከራ የተመቱት ጥቂቶች ዛሬ የሚገኙት በታላላቅ ቤተ መዘክሮችና በባለጠጎች እጅ ነው። ነገር ግን ለምሥራቅ አፍሪካ የተመታው የነሐስ አሥር ሳንቲም መካከሉ ቀዳዳ ስለ ነበረ የንጉሡ መልክ ሳያስፈልገው ስሙ ብቻ ተጽፎበት ወጣ። ብዙ ስለ ተመታም ዛሬ ጀማሪ ሰብሳቢ ለአንድ ምሳ በሚያወጣው ገንዘብ ሊገዛው ይችላል። ሁለቱም ስለ አንድ ንጉሥና ስለ አንድ ታሪክ ይመሰክራሉ፤ አንዱ የቤት መግዣ ያህል ሲያወጣ ሁለተኛው የምሳ ዋጋ ያወጣል። ዋጋን የሚወስነው የሚገኘው መጠንና የፈላጊው ብዛት እንጂ የሚናገረው ቃል ክብደት አይደለም።

ስለዚህ ርካሽ አሮጌ ሳንቲም የሚገዛ ጀማሪ በአቅሙ ማነስ ማፈር አይገባውም። የታላቁ ቈስጠንጢኖስና የልጆቹ ጥቃቅን የነሐስ ገንዘቦች 1,700 ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖራቸው፥ በዘመናቸው እጅግ ብዙ ስለ ተመቱ ከጥንታዊ ገንዘብ ሁሉ ርካሾቹ ናቸው ለማለት ይቻላል። በአንዳንዶቹ ላይ ሁለት ወታደሮች ዓርማ በመካከላቸው አቁመው ይታያሉ፤ በሌሎቹም ላይ ሁለቱን የሮማ ሕፃናት የምታጠባ ተኵላ ትታያለች፤ ከሥዕሉም ሥር የእስክንድርያ ወይም የአንጾኪያ ወይም የሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ስም በአጭሩ ተጽፎ ይገኛል። ከልጆቹ አንዱ ቈስጣንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ስለ ሃይማኖት ጕዳይ ደብዳቤ የላከው ነው። የዚያን ደብዳቤ ላኪ መልክ የያዘ ነሐስ አንድ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ ገዝቶ በመዳፉ ሊይዝ መቻሉ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ሳንቲም ምስክር ነው ስንል ሁልጊዜ እውነተኛ ምስክር ነው ማለታችን አይደለም። ሳንቲምም እንደ ሰው በልዩ ልዩ መንገድ ቃሉን ሊያጥፍ ይችላል። ይህንንም በሦስት የውጭ አገር ገንዘቦች ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው በአገራችን ጠገራ ወይም ማርትሬዛ ሲባል የኖረው ብር ነው። የኦስትርያ ገዢ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ መልኳን የያዘው ብር ግን ይህንኑ ዓመተ ምሕረት እንደ ያዘ ከሞተች በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ። የተመታውም በቪየና ብቻ አይደለም። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት በ1935 እ.ኤ.አ. በሮማ ማተም ጀመረች፤ ከዚያም በኋላ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በብራስልስና በቦምባይ ተመታ። እንግዲህ በላዩ የተጻፈው ዓመት ለአብዛኛው እውነት አይደለም። ነገር ግን ከ28 ግራም ጥቂት የሚያልፈው ክብደቱና ከሺህ 833 እጅ የሆነው የብሩ ጥራት አልተለወጠም። አያቶቻችን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍ እየቈጠሩ ሲቀበሉት ያመኑት ዓመቱን ሳይሆን ሚዛኑን ነበርና አልተታለሉም። ይህ ገንዘብ በዕድሜው ዋሸ፤ በዋናው ቃሉ ግን ታመነ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1923 በጀርመን የተመታው የአሉሚኒየም 500 ማርክ ነው። በላዩ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ዓመቱ እውነት፥ መንግሥቱም እውነት፥ ቍጥሩም በሕግ የተደነገገ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የገንዘቡ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን እየወደቀ ሄዶ በኅዳር ወር ለአንድ ዳቦ በቢሊዮን የሚቈጠር ማርክ ይከፈል ነበር። በመጨረሻም አንድ አዲስ ማርክ በአንድ ሺህ ቢሊዮን አሮጌ ማርክ ተተካ። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ለእርጅናው ገንዘብ ያስቀመጠ ጀርመናዊ አንድም ሌባ ቤቱን ሳይሰብር ባዶ እጁን ቀረ። ይህ ገንዘብ በፊደሉ ሁሉ ታመነ፤ በዋናው ቃሉ ግን ከዳ።

ሦስተኛው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። የኢጣልያ ፋሺስቶች በግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣቸውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብለው ካወጁ በኋላ፥ በሳንቲሞቻቸው ላይ ከቪክቶርዮ አማኑኤል ስም ቀጥሎ «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» የሚል ጽሕፈት በአጭሩ ያስቀርጹ ጀመር። ከእነዚህ ውስጥ ከማይዝግ ብረት የተሠራው 20 ሳንቲም እጅግ ብዙ ስለ ተመታ ከርካሾች ሁሉ ርካሽ ነው። የሚያስደንቀው ግን የ1942 እና የ1943 እ.ኤ.አ. ዓመተ ምሕረት የያዙት ናቸው። አዲስ አበባ ነጻ ወጥታ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በቤተ መንግሥቱ ከተሰቀለ በኋላም የሮማ ማተሚያ ቤት ያንኑ ማዕረግ በብረት ላይ ሲያትም ነበር። ይህ ገንዘብ በዓመቱም በብረቱም እውነት ተናገረ፤ በማዕረጉ ግን ዋሸ።

እንዲህ ያለውን ሳንቲም ኢትዮጵያዊ በቤቱ ሊያኖረው ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ሊያኖረው ይገባል እላለሁ። ዳኛ የሐሰት ምስክርን ቃል በመዝገብ የሚያስጽፈው አምኖበት ሳይሆን ሐሰቱ ሳይረሳ እንዲኖር ነው። ወራሪ ያልያዘውን ክብር ይዣለሁ ብሎ በራሱ እጅ በብረት ላይ ከጻፈ፥ ያ ብረት ከብዙ ክርክር ይልቅ ይመሰክርበታል። በጥቂት ብር የሚገኝ ቢሆንም ለልጅ የሚያስተምረው ታላቅ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ የተነገረው ስለ ሳንቲሙ እውነትና ሐሰት ነው። አሁን ወደ ገዢው እንለፍ።

ጀማሪ ሰብሳቢ በመጀመሪያ የሚያውቀው ነገር የለም። በቸርችል ጎዳና ባሉት የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ወይም በሌላ ስፍራ በሳሕን ላይ ከተከመረው ሳንቲም መካከል ዓይኑ የወደደውን ያነሣል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው እያደር መለየት ይማራል። ነሐስን በሎሚና በአመድ ማሸት መልኩን እንደሚያጠፋ፥ በዘመን ብዛት የለበሰው ጥቍር ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ቆዳው እንደ ሆነ ይገነዘባል። ሳንቲምን በጠርዙ መያዝን፥ በትንሽ ሚዛን መመዘንን፥ ብር ወይም ነሐስ የተባለው ነገር ወደ ማግኔት ቢሳብ መጠርጠርን፥ በጠርዙ ላይ የቅልጥ ስፌት መሳይ መስመር መፈለግን ይለምዳል። እነዚህን ሁሉ በርካሽ ነገር ላይ መማሩ መልካም ነው፤ ቢሳሳት የሚጐዳው በጥቂቱ ነውና። ዳሩ ግን ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ሳያስበው፥ ከሚሸጡለት ሰዎች ብዙዎቹ የማያውቁትን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይገኛል። እውነተኛውም ፈተና የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ምሳሌ እናድርግ። አንዲት ባልቴት ለቤት ኪራይ ጨንቋቸው፥ ከአባታቸው ሣጥን ያገኙትን አሮጌ ገንዘብ ይዘው መጡ እንበል። ብዙው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና የኢጣልያ 20 ሳንቲም ነው፤ በመካከሉም ሁለት ትልልቅ ነጭ ብሮች አሉ። አንዱ የታወቀው ማርትሬዛ ነው። ሁለተኛው ኢጣልያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ያስመታችው የንጉሥ ኡምቤርቶ ታሌሮ ነው፤ ዋጋውም ከማርትሬዛ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለማያውቅ ዓይን ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ባልቴቷ፥ «ልጄ፥ እኔ ነገሩን አላውቀውም፤ ሁሉንም አንተው እንደ መሰለህ ቍረጥልኝ» ቢሉ፥ ገዢው ሁለቱንም በማርትሬዛ ዋጋ መግዛት ይገባዋልን? ሕግ አይከሰውም። አልዋሸም፤ ዝም አለ እንጂ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የሮማው ሊቅ ቺቼሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ክርክር አቅርቧል። የሮድስ ደሴት ሰዎች በራብ ሳሉ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል በመርከብ ጭኖ ደረሰ። ሌሎችም እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸውን? ወይስ ዝም ብሎ በራቡ ዋጋ ይሽጥላቸው? ከፈላስፎቹ አንዱ ዲዮጋንስ ዘባቢሎን፥ ሻጭ ሕግ የሚያዘውን ከገለጠና ካላታለለ የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ አለመናገር ከመደበቅ ይለያል ብሎ ተከራከረ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፥ ሰው የተፈጠረው ሰውን እንዲጠቅም ስለ ሆነ፥ ለሰዎቹ የሚጠቅመውን ማወቅ መከልከል አይገባም አለ። ቺቼሮም ዝም ብሎ ስለ ራሱ ትርፍ ሲል ሌላው ሳያውቅ እንዲቀር መፈለግ መደበቅ ነው፤ የቅን ሰውም ሥራ አይደለም ብሎ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ቶማስ አኵናስ የተባለው የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ይህንኑ የእህል ነጋዴ ነገር መርምሮ፥ ነጋዴው በጽድቅ ሕግ መናገር አይገደድም፤ ቢናገር ግን ምግባሩ ይበልጥ የተፈጸመ ይሆናል አለ። ልብ ማለት የሚገባው ምክንያቱን ነው፤ የመርከቦቹ መድረስ ገና የሚሆን ነገር እንጂ በዕቃው ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። በባልቴቷ እጅ ያለው ብር ግን የወደፊት ነገር አይደለም፤ ዋጋው አሁን በእጃቸው ሳለ የማያውቁት ነው። ስለዚህ ለገዢያችን ይበልጥ የሚስማማው የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ በነገር መካከል የጠቀሰው ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው መጽሐፍ ሊገዛ ሳለ፥ ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ባለማወቅ እጅግ ጥቂት ጠየቀ፤ ገዢው ግን ሻጩ ያላሰበውን እውነተኛውን ዋጋ ከፈለው። አውግስጢኖስ ይህን ያነሣው፥ ሰው ሁሉ በርካሽ ለመግዛት በውድም ለመሸጥ ይፈልጋል የሚለው አባባል የሁሉ ሰው ጠባይ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን መቃወሚያ ማቃለል አይገባም። «ዕውቀቴን ያገኘሁት በድካሜ ነው፤ ሌላው ሲተኛ መጽሐፍ አነበብሁ፤ በሐሰተኛ ሳንቲምም ገንዘቤን ከሰርሁ። ሐኪም በዕውቀቱ ዋጋ ይቀበል የለምን? የእኔ ዕውቀት ስለ ምን ያለ ዋጋ ይቀራል?» የሚል ሰብሳቢ ያለ ምክንያት አልተናገረም። በእውነትም በአንድ ስፍራ ልክ ነው። ሳንቲም መሸጥን ሥራው ያደረገ ነጋዴ፥ ዕቃውን መርምሮ ዋጋ መቍረጥ የሥራው ግዴታ ነው። ከሳሕኑ ውስጥ ብርቅ የሆነ ዓመት አይቶ የተጻፈበትን ዋጋ ከፍሎ የሚሄድ ገዢ ነጋዴውን አልበደለም፤ ነጋዴውም በሌላ ቀን ገዢው በማያውቀው ነገር ያተርፍበታል። ሁለቱም የጨዋታውን ሕግ አውቀው ገብተዋል።

ባልቴቷ ግን ወደ ጨዋታው አልገቡም። የመጡት በችግር ነው፤ ይልቁንም «አንተው ቍረጥልኝ» ባሉ ጊዜ ገዢውን ዳኛ አድርገውታል። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ዝምታው የነጋዴ ዝምታ መሆኑ ቀርቶ ጕቦ የበላ ዳኛ ዝምታ ሆነ። ሐኪምም ቢሆን ዋጋ የሚቀበለው በሽተኛውን ስለ ረዳ ነው፤ በሽተኛው ባለማወቁ ስለ ተጠቀመ አይደለም። ስለዚህ ዕውቀት ዋጋ ይኑረው፤ ገዢው እውነቱን ተናግሮ፥ ስለ ድካሙና ደግሞ መሸጥ ስለሚያስፈልገው ተገቢውን ትርፍ ቀንሶ ይግዛ። ይህ የማንንም ኅሊና አያቈስልም። የተከለከለው የሌላውን አለማወቅ ራሱን እንደ ዕቃ አድርጎ መሸጥና መለወጥ ነው።

ዓለም ተገላባጭ ናትና ሻጩ የሚያውቅበት፥ ገዢው የማያውቅበትም ጊዜ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በይሁዳ የነገሠው የእስክንድር ያናይ ጥቃቅን ነሐሶች በርካሽ የሚገኙ ናቸው። ነጋዴዎች ግን ድሃይቱ መበለት በቤተ መቅደስ የጣለቻቸው ሁለቱ ናሶች እያሉ ይሸጧቸዋል። በዓይነታቸው እንዲህ ያሉ ሊሆኑ ይችሉ ይሆናል፤ «ይህችው ራሷ ናት» የሚል ግን እምነትን በሚዛን አስቀምጦ የሚሸጥ ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ይቈጣል። ቍጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሌላው እጅ የጠላውን በራሱ እጅ እንዳይሠራው ያስታውስ።

ደግሞ በሽያጩ ጊዜ በዚያ የሌለ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም አገርና መጪው ትውልድ ነው። ሳንቲም ከተቀበረበት አፈር በሊቃውንት እጅ በሥርዓት ሲወጣ፥ አብረውት የተገኙትን ገልና ግንብ ዘመን ለማወቅ ይረዳል። በስርቆት ተቈፍሮ ሲወጣ ግን ነሐሱ ብቻ ይተርፋል፤ ምስክርነቱ ግማሽ በግማሽ ይጠፋል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ከገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል ማድረጉን ያወቅነው ሳንቲሞቹ ስለ ተጠበቁልን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ፥ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የእኛ የአክሱም ገንዘብ በባዕድ ገበያ ሲሸጥ የምናዝን ከሆነ፥ የቈስጠንጢኖስን ነሐስ ስንገዛም ከየት እንደ ወጣ መጠየቅ ይገባናል። ዋጋው ትንሽ ነው ማለት መልስ አይሆንም። በአንድ ምሳ ዋጋ የሚሸጠው ሺህ ጊዜ ሲሸጥ አንድ ኰረብታ ሙሉ ይታረሳል። አሮጌ ፔኒ፥ ሽልንግና ማርክ ግን ከሰው ኪስ ወደ ሰው ኪስ እየተላለፉ የመጡ ስለ ሆኑ እንዲህ ያለ ዕዳ የለባቸውም፤ ለጀማሪም ይበልጥ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንባቢዎቼ አብዛኞቹ ሳንቲም የሚሰበስቡ አይደሉም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር የሚገናኘው በሳንቲም ሻጭ ሱቅ ብቻ ነውን? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ ደንቡን ያውቃል፤ ከፊቱ የቆመው ባለጕዳይ አያውቅም። የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልገው፥ የይግባኙ ጊዜ መቼ እንደሚያልፍ፥ መብቱ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ባለጕዳዩ «ጌታዬ፥ እርስዎ ያውቃሉ» ሲል፥ ባልቴቷ «አንተው ቍረጥልኝ» ያሉትን ቃል መናገሩ ነው። ጸሐፊው አይዋሽም፤ ዝም ይላል ብቻ። ባለጕዳዩም «ዛሬ ሂድና ነገ ተመለስ» እየተባለ ይመላለሳል። መምህርም ከተማሪው፥ ሐኪምም ከበሽተኛው፥ ጠበቃም ከደንበኛው ጋር እንዲሁ ነው። «ያላወቁ አለቁ» የሚለው ተረት የአላዋቂውን መጥፎ ዕድል ብቻ የሚናገር ይመስለናል፤ የዐዋቂውንም ዝምታ የሚወቅስ መሆኑን አናስተውልም። ያላወቁት የሚያልቁት የሚያውቁት ዝም ሲሉ ነውና።

በትንሽ ነገር ኅሊናን ማስለመድ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። በሃያና በሠላሳ ብር ሳንቲም እውነቱን መናገር የለመደ አንደበት፥ የሰው ርስት ወይም የሰው እንጀራ በእጁ ላይ በወደቀ ጊዜ አይታሰርም። በትንሽ ነገር ዝም ማለትን ብልኅነት ያደረገ ግን በትልቁ ጊዜ የሚናገርበትን ቃል አያገኝም።

በመጨረሻም ለጀማሪ ሰብሳቢ አንድ ቀላል መመዘኛ ላመልክት። ሥርዓት ያለው ሰብሳቢ ከእያንዳንዱ ሳንቲም ጋር ትንሽ ወረቀት ያኖራል፤ በእርሱም ላይ የአገሩን ስም፥ ዓመቱን፥ ከማን እንደ ገዛው፥ በስንት እንደ ገዛው ይጽፋል። እንግዲህ ይህችን ወረቀት ሻጩ ራሱ አንድ ቀን መጥቶ፥ የሳንቲሙንም እውነተኛ ዋጋ አውቆ ቢያነባት፥ ገዢው ሳያፍር ፊቱን ሊያየው ይችላልን? ከቻለ ሳንቲሙ በእውነት የእርሱ ነው። ካልቻለ ግን በሣጥኑ ያለው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። መንግሥታት ሲያልፉ ገንዘባቸው ይሻራል፤ ነሐሱም ከጊዜ ብዛት ይፋቃል። ሰው ለሰው የሚናገረው እውነት ግን በማንኛውም ዘመን፥ በማንኛውም ገበያ የማይሻር ገንዘብ ነው።